10 ደቂቃ ለመምረጥ ይበቃል፣ ለማጠቃለል ግን አይበቃም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከተማሪ ወደ ተማሪ ሲዞር ከረመ። «የጥናት ወረቀት በ10 ደቂቃ አንብቦ ማጠቃለል» ይላል ርዕሱ። የሚያጋራው ሰው ሁሉ «ይሄን ሳላውቅ ስንት ሌሊት ፈጀሁ!» የሚል ቁጭት ይጨምርበታል። ጽሑፉ አጭር ነው፣ ቀልድ አለው፣ ሲያነቡት ደስ ይላል። ምክሩ ግን አብዛኛው ትክክል አይደለም። ይባስ ብሎ ምንም ያልገባውን ተማሪ የገባው ያስመስለዋል። ከጸሐፊው ጋር ሌላ ጠብ የለኝም፤ ምላሼ ለምክራቸው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ አብስትራክቱን (ወረቀቱ አናት ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ) እና መደምደሚያውን ካነበባችሁ በቂ ነው፣ መሃሉ ማስረዘሚያ ነው። ሁለተኛ፣ የጥናቱ ዘዴና ሰንጠረዦቹ ለባለሙያ የተጻፉ ናቸውና እለፏቸው። ሦስተኛ፣ ከየአንቀጹ አንድ ቁልፍ ዓረፍተ ነገር አውጡና ቃላቱን በተመሳሳይ ቃል ተኩ፣ ማጠቃለያችሁ አለቀ። አራተኛ፣ ወረቀቱ በታወቀ ጆርናል ከወጣ በምሁራን ተገምግሟል፤ ተማሪ ሊጠራጠረው አይገባም። አምስተኛ፣ ዋና ዋናውን በቀለም አስምሩበት። ስድስተኛ፣ እሱም ካቃታችሁ ፋይሉን ለኤአይ (ለሰው ሠራሽ አስተውሎት) ስጡት።

ልክ ያሉበትንም ልናገር። የጥናት ወረቀት ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በተራ አይነበብም። ከመግቢያው ጀምሮ መስመር በመስመር የሚሄድ ተማሪ አራተኛው ገጽ ላይ ይደክመዋል፣ በተለይ ጽሑፉ በሁለተኛ ቋንቋው ከሆነ ዋናው ነገር ጋ ሳይደርስ ይተወዋል። የተማሪ ጊዜም አጭር ነው። በሳምንት አራት አምስት ወረቀት አንብባችሁ ኑ የሚል ኮርስ ሞልቷል። ጸሐፊው ይህን ድካም አይተው ሊያቀሉት ማሰባቸው ያስመሰግናቸዋል።

10 ደቂቃዋም ዝም ብላ የመጣች አይመስለኝም። በ2007 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኬሻቭ የተባሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር ወረቀትን በሦስት ዙር ማንበብን የሚመክር አጭር ጽሑፍ አውጥተው ነበር። የመጀመሪያው ዙር ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው፤ ርዕሱን፣ አብስትራክቱን፣ መግቢያውን፣ ንዑስ ርዕሶቹንና መደምደሚያውን ማየት። ሁለተኛው ዙር እስከ 1 ሰዓት ይወስዳል። ሦስተኛው ለጀማሪ 4 ወይም 5 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ዋናው ነገር የመጀመሪያው ዙር ለምን እንደተቀመጠ ነው፤ ወረቀቱን ልቀጥልበት ወይስ ልተወው የሚለውን ለመወሰን። እዚያ ላይ ቆሞ ማጠቃለያ መጻፍ ማለት ሳይወስኑ መጨረስ ነው። ጸሐፊው በር ላይ ያለውን ዙር ወስደው ቤቱ ይሄ ነው ያሉን ይመስለኛል።

ወደ ነጥቦቹ እንሂድ።

«አብስትራክቱና መደምደሚያው ይበቃል»

አብስትራክቱን የሚጽፉት ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ቦታው ጠባብ ነው፣ ብዙውን ጊዜ 200 ወይም 300 ቃል። ስለዚህ ይመርጣሉ። ሲመርጡ ደግሞ የሚያስቀድሙት ያማረውን ውጤት ነው። ክፋት አይደለም፣ ሥራውን ለሰው የሚያሳይ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ግን ያማረው ብቻ ተለቅሞ የቀረበለት አንባቢ ስለ ቀረው ምንም አያውቅም።

ይህ የኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። በ1999 ጃማ በተባለው የሕክምና ጆርናል የወጣ ጥናት የስድስት ትልልቅ የሕክምና ጆርናሎችን አብስትራክቶች ወስዶ ከዋናው ጽሑፍ ጋር አመሳከራቸው። ከዋናው ጽሑፍ ጋር የማይገጥም፣ ወይም ጭራሽ በዋናው ጽሑፍ ውስጥ የሌለ መረጃ የያዙት አብስትራክቶች እንደየጆርናሉ ከ18 እስከ 68 በመቶ ሆኑ። ያውም አንቱ በተባሉ ጆርናሎች። እርግጥ ያልገጠመ ሁሉ ማታለል አይደለም፤ ዝንጋታም፣ የአርትዖት ስህተትም ይኖራል። ለተማሪው ግን ውጤቱ ያው ነው፤ ከአብስትራክት ብቻ የገለበጠው ቁጥር ወረቀቱ ውስጥ ላይኖር ይችላል።

ዋናውን ሐሳብ ነጥቆ መሮጥ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ደግሞ የ1980ዋን ደብዳቤ ማንሳት ይበቃል። በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣች ደብዳቤ ናት፤ ጠቅላላዋ 5 ዓረፍተ ነገር። ጸሐፊዎቿ ሆስፒታል ተኝተው የታከሙ ሰዎችን መዝገብ ተመልክተዋል። ቢያንስ አንድ ጊዜ የናርኮቲክ ማስታገሻ (እንደ ሞርፊን ያለ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ፣ ኦፒዮይድም ይባላል) ከወሰዱ 11,882 ሕሙማን መካከል፣ ቀድሞ የሱስ ታሪክ ሳይኖራቸው ሱስ እንደያዛቸው በአግባቡ የተመዘገበላቸው 4 ብቻ አገኘን አሉ። በቃ፣ ይሄው ነው። ማስታገሻውን ቤቱ ወስዶ ለወራት ስለሚውጥ ሰው ደብዳቤዋ አንድም ነገር አትልም።

ከዚያስ? በ2017 በዚያው ጆርናል ደብዳቤዋን የጠቀሱ ጽሑፎች ተቆጠሩ። 608 ሆነው ተገኙ። ከነዚህ 72 በመቶ ያህሉ በኦፒዮይድ ማስታገሻ ሱስ መያዝ ብርቅ ነው ለማለት ማስረጃ አድርገዋታል። 81 በመቶ ያህሉ ደግሞ ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ መሆናቸውን አልጠቀሱም። ቆጠራውን የሠሩት ሰዎች ይህ ያለማስተዋል የተደጋገመ ጥቅስ በሰሜን አሜሪካ ለተከሰተው የኦፒዮይድ ቀውስ (ለሱሱና ለሞቱ ብዛት) አስተዋጽኦ አድርጓል ብለው ጽፈዋል። 5 ዓረፍተ ነገር ነው እኮ! «ረጅም ስለሆነ ነው ያላነበብኩት» የሚል ሰበብ እንኳን አይሠራም።

አሁን ሁለት ማጠቃለያ እናወዳድር። አንዱ «ጥናቱ ማስታገሻ ሱስ እንደማያስይዝ አረጋግጧል» ይላል። ሌላው «ጸሐፊዎቹ ሆስፒታል ተኝተው ቢያንስ አንድ ጊዜ ናርኮቲክ ከተሰጣቸው 11,882 ሕሙማን፣ የሱስ ታሪክ ሳይኖራቸው ሱስ የያዛቸው 4 መመዝገባቸውን ይገልጻሉ፤ መጠኑንና የወሰዱበትን የጊዜ ርዝመት፣ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ የሆነውንም አይናገሩም» ይላል። ሁለተኛው የረዘመው በጥቂት መስመር ነው። የመጀመሪያው ግን ማጠቃለያ አይደለም፣ ሌላ አዲስ ወሬ ነው።

«ዘዴውና ሰንጠረዡ ለባለሙያ ነው»

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር በጣም ነው የምንለያየው። ግማሽ መንገድ ድረስ ግን አብሬያቸው እሄዳለሁ። የስታቲስቲክስ ቀመሩን፣ የሶፍትዌሩን ስም፣ የኬሚካሉን ዓይነት አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ቢዘለው ምንም አይሆንም። የዘዴው ክፍል ግን እሱ ብቻ አይደለም። ማን ተጠና? ስንት ሰው? እንዴት ተመረጡ? ከማን ጋር ተነጻጸሩ? ምን ተለካ፣ በምን? ለምን ያህል ጊዜ? እነዚህን ለማግኘት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ማንበብ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ የወጣውንና በአንድሪው ዌክፊልድ የተመራውን ወረቀት ውሰዱ። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘ ተብሎ ዓለምን ያመሰው እሱ ነው። ወረቀቱን ከፍቶ ዘዴውንና ውጤቱን ያየ ተማሪ የሚያገኘው ይሄን ነው፦ 12 ሕፃናት፣ ማነጻጸሪያ ቡድን የለም፣ ከነሱም የ8ቱ ምልክት ከክትባቱ ጋር የተያያዘው በወላጆች አስተያየት ነው። ወረቀቱ ራሱ በውይይት ክፍሉ በክትባቱና በተገለጸው ሕመም መካከል ግንኙነት መኖሩን አላረጋገጥንም ይላል። ይህን ለማየት ዶክትሬት አይጠይቅም። የመረጃው መጭበርበር ከዓመታት በኋላ ነው የወጣው፣ እሱን ተማሪ ሊያውቅ አይችልም። ከ12 ሕፃናት ያለ ማነጻጸሪያ ስለ ክትባት መደምደም እንደማይቻል ግን በመጀመሪያው ቀንም ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር።

ሰንጠረዥን መዝለልም ያው ነው፣ ምናልባትም ይብሳል። በ1995 በብሪታንያ አዲሶቹ የእርግዝና መከላከያ እንክብሎች የደም መርጋትን አደጋ በእጥፍ ያሳድጋሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። እጥፍ ሲባል ያስፈራል። ቁጥሩ ሲታይ ግን ከ7,000 ሴቶች በ1 ላይ ይደርስ የነበረው በ2 ላይ ሆነ ማለት ነው። ብዙ ሴቶች ደንግጠው እንክብሉን አቆሙ። በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 13,000 የሚጠጋ ተጨማሪ ውርጃ እንደተፈጸመ ይገመታል። «100 በመቶ ጨመረ» የሚለው ውሸት አልነበረም። ከምን ተነስቶ የሚለው ነው የጎደለው፤ ያ ደግሞ የሚገኘው ሰንጠረዡ ውስጥ ነው። ስለዚህ በማጠቃለያችሁ ላይ «በእጥፍ»፣ «በ30 በመቶ» የሚል ነገር ስትጽፉ መነሻ ቁጥሩን አብራችሁ ጻፉ። ወረቀቱ ውስጥ ከሌለ፣ አለመኖሩን ጻፉ።

በነገራችን ላይ፣ እኔ የማነበው ከአብስትራክቱ በኋላ ወዲያው ሥዕሎቹንና ሰንጠረዦቹን ነው፤ የተመራማሪዎቹን ማብራሪያ ሳላይ። መጀመሪያ ቁጥሩ ለኔ ምን እንደሚለኝ አያለሁ፣ ከዚያ እነሱ ምን እንዳሉ። ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ወይ እኔ ያልገባኝ ነገር አለ፣ ወይ እነሱ አጋንነዋል። ሁለቱም ለክፍል ውይይት ጥሩ ጥያቄ ይወጣቸዋል። ቀጥሎ የመግቢያውን የመጨረሻ አንቀጽ አነባለሁ፤ የጥናቱ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው እዚያ ነውና። ይህ ቅደም ተከተል መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤትና ውይይት ለሚል አወቃቀር ነው የሚሠራው። የሒሳብ ወይም የፍልስፍና ወረቀት ዘዴ የሚባል ክፍል ላይኖረው ይችላል። እዚያ የሚፈለገው መነሻ ሐሳቡና ክርክሩ የቆመበት ምክንያት ነው።

«ከየአንቀጹ አንድ ዓረፍተ ነገር»

ይህ ምክር ሥርዓት ያለው ስለሚመስል ያታልላል። አንድ ወረቀት 50 አንቀጽ ቢኖረው 50 ዓረፍተ ነገር ልትለቅሙ ነው? ይሁን እንበል። ግን አንቀጾች እኩል ክብደት የላቸውም። የመግቢያው ትልቁ ክፍል ሌሎች ሰዎች ቀደም ሲል ስላገኙት ነገር የሚያወራ ነው። ከየአንቀጹ አንድ አንድ የሚለቅም ተማሪ ሳያውቀው የሌላ ሰው ግኝት ለዚህኛው ወረቀት ይሰጣል። ይህ የተማሪ ማጠቃለያ ላይ እጅግ የሚደጋገም ስህተት ነው። አንዳንዴ እንዲያውም ተመራማሪዎቹ ሊሞግቱት የጠቀሱት ሐሳብ የነሱ አቋም ተደርጎ ይቀርባል፤ ወረቀቱ ተገልብጦ ማለት ነው።

ቃል በቃል መተካቱም ለሁለት ነገር አይበጅም። አንደኛ፣ የዓረፍተ ነገሩ አጥንት ሳይነካ ቃላቱ ብቻ ቢለዋወጡ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዓይን ያው ኩረጃ ነው፣ ምንጩ ቢጠቀስም እንኳን። ሁለተኛ፣ ትርጉም ያበላሻል። «ተያያዥነት ታይቷል» የሚለውን «ምክንያት ሆኗል» ብሎ የተካ ተማሪ ቃል የቀየረ ይመስለዋል፤ የቀየረው ግን ግኝቱን ነው። «ሊሆን ይችላል» የምትለዋ ስትወጣም እንዲሁ።

ታዲያ እንዴት ይጻፍ? ወረቀቱን ዝጉት። ከዚያ ትምህርቱን ላልተማረ ጓደኛ እንደምታወሩት አድርጋችሁ ጻፉ፦ ምን ለማወቅ ፈለጉ፣ ምን አደረጉ፣ ምን አገኙ፣ ግኝቱ እስከ ምን ድረስ ይሄዳል። ስትጨርሱ ወረቀቱን ከፍታችሁ ቁጥሮቹንና ስሞቹን አስተካክሉ። ያልጻፋችሁት ነገር ካለ ያልገባችሁ እሱ ነው፣ ተመልሳችሁ የምታነቡትም እሱን ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቆጥብ ዘዴ ከተፈለገ ይሄ ነው።

«በታወቀ ጆርናል ከወጣ አትጠራጠሩ»

ከላይ የጠቀስኩት የ1998 ወረቀት የወጣው በላንሴት ነው፣ በዓለም ታላላቅ ከሚባሉት ጆርናሎች በአንዱ። ጆርናሉ ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ የሰረዘው በ2010 ነው። 12 ዓመት! ገምጋሚዎች ጠቃሚ ናቸው፣ ብዙ ቆሻሻ ያጣራሉ። ግን የሚያዩት የተላከላቸውን ጽሑፍ ነው። ጥናቱን ደግመው አይሠሩትም።

ደግመው የሠሩትም አሉ። በ2015 ሳይንስ በተባለው ጆርናል የወጣ ትልቅ የጋራ ሥራ፣ በታወቁ የሥነ ልቦና ጆርናሎች የታተሙ 100 ጥናቶችን እንደገና ሠራቸው። ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶው በስታቲስቲክስ መለኪያ ያለፈ (በአጋጣሚ ብቻ የመጣ የማይመስል) ውጤት ነበራቸው። ሲደገሙ ያንን መለኪያ ያለፉት 36 በመቶ ናቸው። ይህ ማለት የቀሩት ሁሉ ውሸት ናቸው ማለት አይደለም፤ የድጋሚ ሙከራም ሊሳሳት ይችላል። ታተመ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም።

የጸሐፊው ስጋት ይገባኛል። ምንም ሳያነብ «እኔ አላምንም» የሚል ተማሪ አለ፣ እሱም አድካሚ ነው። ግን መድኃኒቱ ጥርጣሬን መከልከል አይደለም። ጥርጣሬው ወረቀቱ ላይ የቆመ ይሁን። «ተሳታፊዎቹ ሁሉም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፣ ግኝቱ ግን ስለ ሰው ልጅ ሁሉ ነው የሚያወራው» ማለት ድፍረት አይደለም፣ ማንበብ ነው። ብዙ ጊዜ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የጥናቱ ውስንነት በሚለው ክፍል ያስቀምጡላችኋል። ከዚያ ጀምሩ። መምህሩ ማጠቃለያ ብቻ ከጠየቀ ደግሞ አስተያየታችሁን ለብቻ አንቀጽ አድርጉት፣ የነሱንና የእናንተን አታደበላልቁ።

ማስመር ላይ ብዙ አልቆይም። በ2013 የወጣ ሰፊ ግምገማ 10 የአጠናን ዘዴዎችን መዝኖ ማስመርንና ደጋግሞ ማንበብን ዝቅተኛ ጥቅም ካላቸው መድቧቸዋል። ራስን መፈተንና ጥናትን በጊዜ መከፋፈል ናቸው ከፍተኛውን ያገኙት። ለሐቀኝነት ያህል ማጠቃለል ራሱም ዝቅተኛ ከተባሉት ውስጥ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ብዙ ተማሪ በደንብ ማጠቃለልን ሳይሠለጥን ስለማይችል ነው። ይህ የኔን ክርክር የሚያዳክም ሊመስል ይችላል፤ ለኔ ግን መጥፎ የማጠቃለል ምክር ለምን እንደሚጎዳ ያሳያል። ማስመር የምትወዱ አስምሩ፣ ግን ገጹን ቢጫ አድርጎ መጨረስን ማንበብ አትበሉት።

«ለኤአይ ስጡት»

ኤአይ አትንኩ አልልም። የማይገባ ቃል ሲያጋጥም፣ አንድ የተወሳሰበ ዓረፍተ ነገር በቀላሉ እንዲፈታ ሲፈለግ ጥሩ ረዳት ነው። ጸሐፊው እሱን ብቻ ቢሉ እስማማ ነበር። ሙሉ ማጠቃለያውን መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። በ2025 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ በሚያሳትመው ጆርናል ላይ የወጣ ጥናት 10 ያህል የታወቁ ሞዴሎች የሠሯቸውን ወደ 4,900 የሚጠጉ የጥናት ማጠቃለያዎች ገምግሟል። የሞዴሎቹ ማጠቃለያ ሰው ከጻፈው ጋር ሲነጻጸር ግኝቱን ከልክ በላይ አስፍቶ የማቅረብ ዕድሉ ወደ 5 እጥፍ የሚጠጋ ነበር። የ1980ዋ ደብዳቤ ላይ የሆነውን አስቡት፤ «ሆስፒታል የተኙ» የምትለዋን ሐረግ መጣል ማለት ነው፣ አሁን በማሽን ፍጥነት።

መጠቀማችሁ ካልቀረ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ የራሳችሁን ጻፉ፣ ከዚያ የኤአዩን አስቀርቡና የሚለያዩበትን ቦታ ወረቀቱ ላይ ሂዳችሁ ፈልጉ። እያንዳንዱን ቁጥር ከሰንጠረዡ ጋር አመሳክሩ። እሱ ያመጣው ሌላ ምንጭ ካለ በእርግጥ መኖሩን ሳታዩ አትጥቀሱ፤ የሌለ ወረቀት ከነርዕሱና ከነደራሲው ፈጥሮ ማምጣቱ የታወቀ ነው።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፣ ጸሐፊውም የጀመሩት ከሱ ነው፦ በእርግጥ 10 ደቂቃ ብቻ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ርዕሱን፣ አብስትራክቱን፣ አንድ ዋና ሰንጠረዥና የውስንነት ክፍሉን ይይ። የተሳታፊዎቹን ብዛትና ማንነት ከዘዴው ክፍል ይልቀም። ከዚያ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍና ከሥሩ «ሙሉውን ገና አላነበብኩም» ብሎ ያስቀምጥ። ክፍል ውስጥ ሲጠየቅም ያንኑ ይበል።